የካዳቩ መርከብ ያልተነሳችበት ዓርብ

ሎሳና ፖስታውን ያየችው ሰኞ ጠዋት ነው። ዝናቡ የፊጂን ዋና ከተማ ሱቫን ሲወቅጣት ዘጠነኛ ቀኑ ነበር፤ የነርሶች ኮሌጁ መተላለፊያ በእርጥብ ጃንጥላና በእርጥብ ጫማ ሽታ ታፍኗል። አቪኔሽ ከቢሮው በር ላይ ቆሞ አንድ ሮዝ ፖስታ ከፈተ። አነበበ፣ ደግሞ አነበበና ቀስ ብሎ አጥፎ በሸሚዙ ኪስ፣ ልቡ ላይ ከተተው። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

አንድ ዓመት ሙሉ በሰው መሀል ሲተያዩ፣ ዓይኑ ለእሷ ብቻ የሚገባትን አንድ ነገር ሳይላት አልፎ አያውቅም። ያን ዕለት ግን መሬት መሬቱን አየ።

«ደህና አደሩ ማዳም» አላትና ገብቶ በሩን ዘጋው።

ኮሌጁ ውስጥ ስለ ሁለቱ የሚያውቅ ሰው የለም። ሎሳና ከላው ደሴቶች የአንዱ አለቃ የሆኑት፣ በማዕረጋቸው ራቱ የሚባሉት የኢሲሬሊ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የመድኃኒት አሰጣጥና የመጠን ስሌት ታስተምራለች። አቪኔሽ የላባሳ ሸንኮራ ቆራጭ ልጅ ነው፣ ህንዳዊ ነው፣ ሥራው ደግሞ የተቸገሩ ተማሪዎችን መደገፍ ነው። ማየት ለተሳናት ጽሑፍ በድምፅ ያስቀርጻል፣ እንቅልፍ ያጣውን ወደ አማካሪ ይወስዳል፣ ትምህርቷን ልታቋርጥ ሻንጣዋን የሸከፈችውን ቁጭ አድርጎ ያነጋግራል። ሰው ፊት «ማዳም» ይላታል፤ ብቻቸውን ሲሆኑ «ሎሲ»። እንዲህ እንዲሆን የፈለገችው እሷ ናት። አባቷ ከፋሲካ በኋላ የሚመጣ እንግዳ እንዳለ ከነገሯት አንድ ወር ሆኗቸዋል። የሌላ ደሴት አለቃ ልጅ ነው፣ ሽማግሌዎቹ ለጋብቻ ጥያቄ የሚቀርበውን የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዘው ይመጣሉ፤ ጥርሱን አባቷ ከተቀበሉ ነገሩ አለቀ። ሎሳና ይህንን ለአቪኔሽ አልነገረችውም። ለአባቷም ስለ አቪኔሽ አልነገረችም። ሁለቱንም ዝምታ በአንድ ደረቷ ተሸክማ ትዞራለች።

ከሁለት ሳምንት በፊት ደግሞ ተጣልተዋል። በባሕሩ ዳር ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ በወረቀት የተጠቀለለ ሮቲ የሚባል የህንድ ቂጣ እየበሉ፣ አቪኔሽ ስለ ክፍሏ አነሳባት። ልክ ሁለት ሰዓት ላይ በሩን መዝጋቷን እንድትተው፣ ማስታወሻውን ከትምህርቱ በፊት እንድትሰጣቸው፣ ሳታስጠነቅቅ አስነስታ መጠየቋን እንድታቆም፣ ወደ ሰሌዳው ዞራ እንዳትናገር ለመናት። ክፍሏ ውስጥ በፍርሃት የሚታመሙ ልጆች እንዳሉ ነገራት። ሎሳና ሮቲውን አስቀመጠችው። የምታስተምረው መድኃኒት መሆኑን፣ አንድ ዜሮ የተሳሳተች ነርስ ሰው እንደምትገድል፣ በሽተኛ ደግሞ አሥር ደቂቃ ታገሡኝ የሚባል እንዳልሆነ ነገረችው።

«በሽተኛው አይጠብቅም፤ ልክ ነሽ» አላት። «እነሱ ግን ገና ነርስ አልሆኑም። እንዲሆኑ ነው አንቺ ጋ የመጡት።»

«አንተ ማባበል እንጂ ሌላ ምን ታውቃለህ?» አለችው።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ሊመለስ እንደማይችል አውቃዋለች። አቪኔሽ ወረቀቱን ሰብስቦ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ያገናኛቸው «ደህና አደሩ ማዳም» ብቻ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ከክፍሏ መስኮት ቁልቁል ስታይ፣ አቪኔሽ ግቢውን ሲያቋርጥ አየችው። በአንድ ጃንጥላ ሥር አንዲት ቀጭን ልጅ አብራው አለች። ጃንጥላውን ሙሉ በሙሉ ወደ ልጅቷ አዘንብሎ የራሱ ትከሻ በስብሷል። የልጅቷ ፊት አይታይም። ሎሳና ጠመኔውን ይዛ ቆመች፤ የጀመረችው ስሌት ጠፋባት፤ ሃምሳ ሁለት ተማሪዎች ከኋላዋ ትንፋሻቸውን ውጠው ጠበቋት። ቅናት በደሴቷ ለሕፃናትና ለሞኞች የሚተው ነገር ነበር፤ አሁን እንደ ቆላ ትኩሳት አጥንቷ ውስጥ ገባ።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ ወደ ቢሮው ሄደች። ምን ልትለው እንደሆነ አታውቅም። በሩ ገርበብ ብሏል፣ እሱ የለም። ጃኬቱ ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል፤ የሮዙ ፖስታ ጫፍ ከጠረጴዛው መዝገብ ሥር ብቅ ብሏል። አድራሻው በሴት ልጅ ጽሕፈት፣ በተጠነቀቀ፣ በትንንሽ ክብ ፊደል የተጻፈ ነው። እጇ ከእሷ ቀድሞ ሄደ።

«ጌታዬ፣» ይላል፣ «ፊት ለፊት መናገር ስለማልችል ነው የምጽፈው። ከተኛሁ ቆይቷል። ጠዋት አውቶቡሱ ወደ ኮሌጁ ሲቃረብ እጄ ይደነዝዛል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ክፍል ውስጥ መምህሯ የምትለው ግማሹ አይሰማኝም፤ ይድገሙልኝ ለማለት ደግሞ እፈራለሁ። ‹በአንቺ እጅ በሽተኛ ይሞታል› ብላኛለች። እውነቷን ይመስለኛል። ሰው በእጄ ከሚሞት እኔ ብጠፋ ይሻል ነበር እላለሁ። እባክዎ ለማንም አይንገሩብኝ። ለእሷማ በፍጹም።»

ስም የለውም።

ሎሳና ደብዳቤውን እንደያዘች ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ፈልጋው የመጣችው ሌላ ሴት ነበረች፤ ያገኘችው ራሷን ነው። አረፍተ ነገሩ የእሷ ነው። አነጋገሩ፣ ሲያልቅ ያለው ቅዝቃዜ እንኳ የእሷ ነው። ከራሷ አስተማሪ የወረሰችው፣ ተማሪ ያነቃል ብላ የምትለው ቃል ነበር። ለማን እንዳለችው ለማስታወስ ሞከረች። ፊቶች መጡባት፤ አንገቱን የደፋ፣ ከንፈሯን የነከሰች፣ እየሳቀ ያለፈ። ለአንዷ ብቻ ብላው ቢሆን ኖሮ ታስታውስ ነበር። አላስታወሰችም።

አቪኔሽ በር ላይ ቆሞ አገኛት። እጇ ላይ ያለውን ወረቀት አየ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይቀላት ነበር።

«ፍቅር መስሎኝ ነው» አለችው። «ሌላ ሰው ያለህ መስሎኝ ነው ያነበብኩት።»

«ይህቺ ልጅ በዚህ ዓለም ላይ የለመነችኝ አንድ ነገር ነበር» አለ አቪኔሽ። ድምፁ ደክሟል። «እሱንም አልጠበቅኩላትም።»

«ማን ናት?»

«አልነግርሽም።»

«አቪ፣ ክፍሌ ውስጥ ያለች ልጅ ናት። ከነገ ወዲያ ፈተና አላቸው። ስሟን ከነገርከኝ…»

«ስሟን ብነግርሽ ምን ታደርጊያለሽ? ነገ ጠዋት በሌላ ዓይን ታያታለሽ፤ እሷም ወዲያው ታውቃለች። ሃምሳ ሁለቱንም በዚያ ዓይን ማየት አትችይም?»

አቪኔሽ ደብዳቤውን ከእጇ ወስዶ ቁልፍ ያለው መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ልጅቷን ማክሰኞ ከኮሌጁ አማካሪ ጋር እንዳገናኛት፣ ዓርብ ከፈተናው በፊት ተመልሳ እንደምትመጣ ቃል እንደገባችለት ብቻ ነገራት። ሲጨርስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሎሳና ትከሻውን ልትነካው እጇን አነሳች፣ ከዚያ በሩ ክፍት መሆኑን አየች፣ እጇን መለሰችው። እሱም የእጇ ጥላ መስታወቱ ላይ ሲመለስ አይቷል። ያ ከሁሉም በላይ እንዳመመው ከአንገቱ አደፋፍ አወቀች።

ሐሙስ ዕለት ሬዲዮው ከሰሜን ምዕራብ እየመጣ ስላለ አውሎ ነፋስ ማውራት ጀመረ። ሱቃቸውን የሚጠብቁ ሰዎች ሳንቃ እየቸነከሩ ነበር። ሎሳና ማስታወሻዋን አባዝታ ለሁሉም አደለች፣ ፊቷን ወደ ተማሪዎቿ አዙራ ቀስ ብላ አስተማረች። ተማሪዎቹ በጥርጣሬ አዩዋት፤ ወጥመድ መስሏቸዋል። በሁለት ሰዓትም በሩን አልዘጋችውም። አንዲት ልጅ አሥር ደቂቃ አርፍዳ ደረሰች፣ ከበሩ ውጭ ቆመች፣ ክፍት መሆኑን ማመን ያቃታት ይመስል እግሯን አንስታ መለሰችው፣ ከዚያ ገብታ ከሎሳና በስተግራ ካለው ግድግዳ ጥግ ተቀመጠች። ቶሪካ ነበረች፤ ከካዳቩ ደሴት የመጣች፣ ከሱቫ አጠገብ ናሲኑ ከአክስቷ ጋር የምትኖር ዝምተኛ ልጅ። ሎሳና ፈገግ ልትልላት ፈልጋ እንግዳ እንዳይሆንባት ፈራችና ተወችው።

ዓርብ ጠዋት ሰማዩ እንደ ቆሸሸ መዳብ ሆኖ ነጋ። ነፋስ የለም፤ ቅጠል አይንቀሳቀስም። ፈተናው ሁለት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ሎሳና የተያዙትን ወንበሮች ቆጠረች። ሃምሳ አንድ። የግድግዳው ጥግ ባዶ ነው።

አሥር ደቂቃ ጠበቀች። ሃያ ደቂቃ ጠበቀች። ከዚያ ከባዶው ወንበር አጠገብ ወዳለችው ወደ መሬአኒ ጎንበስ ብላ ቶሪካ የት እንዳለች ጠየቀቻት። መሬአኒ እስኪርቢቶዋን አስቀመጠች። ትናንት ቶሪካ መጽሐፎቿን በሙሉ፣ ማስታወሻ ደብተሯንም፣ የደንብ ልብስ ሹራቧንም እንደሰጠቻት ነገረቻት።

«ውሰጂው፣ አያስፈልገኝም አለችኝ ማዳም። የካዳቩ መርከብ በስንት ሰዓት ነው የምትነሳው ብላም ጠየቀችኝ።»

ሎሳና ፈተናውን ለባልደረባዋ አስረክባ ስትወጣ፣ አቪኔሽ በመተላለፊያው እየሮጠ ሲመጣ ተገናኙ። ቀጠሮዋ ላይ አልመጣችም፣ ስልኳ ዝግ ነው፣ አክስቷ በንጋት ወጥታለች ብላዋለች። ምስጢሩን ለመጠበቅ የገባው ቃል ፊቱ ላይ ሲፈርስ ታየ።

«ስሟ…» አለ።

«ቶሪካ» አለችው። «መጽሐፎቿን ሰጥታለች፤ የካዳቩ መርከብ የምትነሳበትንም ሰዓት ጠይቃለች። ወደ ወደቡ እሄዳለሁ።»

አቪኔሽ የግድግዳውን ጠርዝ ያዘ። ለፖሊስ ደውሎ አማካሪዋን ይዞ እንደሚከተላት ነገራት። ልትሄድ ስትዞር ክንዷን ይዞ አስቆማት፤ በሰው ፊት ሲነካት የመጀመሪያው ነበር።

«ካገኘሻት በቀጥታ ጠይቂያት። ራስሽን ልትጎጂ አስበሻል ወይ በያት። መጠየቅሽ ሐሳቡን አይፈጥርባትም። ብቻዋን ግን እንዳትተያት።»

ታክሲው በባዶው ከተማ ወደቡ ወዳለበት ወደ ዋሉ ቤይ በረረ። ሾፌሩ መርከቦቹ ሁሉ እንደታገዱ፣ ለምን ወደ ወደብ እንደምትሄድ ጠየቃት፤ አልመለሰችለትም። ባሕሩ ጠፍጣፋና ጥቁር ነው፤ አንድ ነገር ከሥሩ ትንፋሹን እንደያዘ ዓይነት ዝም ብሏል። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ አንዲት የደንብ ልብስ የለበሰች ልጅ ቲኬት ልትቆርጥ እንደመጣች፣ መርከቧ አትነሳም ሲላት ወደ ቤቷ የተመለሰች እንደመሰለው ነገራት። ወደ ውጭ ስትወጣ አይቷት እንደሆነ ጠየቀችው። አሰበና ፊቱ ተለወጠ። አላያትም።

ሎሳና በትልልቆቹ የጭነት ብረት ሳጥኖች መሀል ጫማዋን አውልቃ ሮጠች።

ቶሪካ የወደቡ መጨረሻ ጠርዝ ላይ፣ እግሮቿን ወደ ውሃው ሰድዳ ተቀምጣለች። ዝናቡ ጠብ ጠብ ማለት ጀምሯል። ሎሳና መሮጧን አቁማ፣ ቀስ ብላ ሄዳ በግራዋ በኩል ተቀመጠች።

«ቶሪካ» አለቻት።

ልጅቷ አልተንቀሳቀሰችም።

«ቶሪካ፣ እኔ ነኝ።»

ምንም። ሎሳና ጥላቻ መሰላት፤ ይገባኛል አለች በልቧ። ሦስተኛ ስትጠራት ጥላዋ ውሃው ላይ ታየና ልጅቷ ደንግጣ ዞረች።

«ማዳም» አለች። ከዚያ በጣም ጥፋተኛ የሆነች ያህል «በዚህኛው ጆሮዬ አልሰማም፤ ይቅርታ» አለቻት።

ሎሳና የግድግዳውን ጥግ አሰበች፤ አንድ ወሰነ ትምህርት ሙሉ በማይሰማ ጆሮዋ በኩል ስታስተምራት እንደኖረች ገባት። ለምን አልነገርሽኝም የሚለው ጥያቄ እስከ ከንፈሯ መጣና ዋጠችው። መልሱን ታውቀዋለች። ተነስታ በቀኟ በኩል ተቀመጠች፣ በጣም ቀረብ ብላ።

«በአንቺ እጅ በሽተኛ ይሞታል ያልኩሽ ውሸት ነው» አለች። «ለስንት ሰው እንዳልኩት አላውቅም። ለአንቺ ማለቴንም አላስታውስም። ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው።»

«እኔ አስታውሳለሁ» አለች ቶሪካ። «ማክሰኞ ነበር። ያን ቀን ፀሐይ ነበረ።»

ሎሳና እንባዋን መለሰች፤ ማልቀስ ያኔ ለእሷ የሚገባ ነገር አልነበረም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ የፈለግሽውን መልሺልኝ። ራስሽን ልትጎጂ አስበሻል?»

ዝናቡ በረታ። ቶሪካ ውሃውን አየችው፣ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ዛሬ ጠዋት ወደ ቤት ልሄድ ነበር» አለች። «እናቴ ጋ። መርከቧ አትነሳም ሲሉኝ… ወዴት እንደምሄድ አላወቅኩም። አዎ ማዳም። አስቤያለሁ።»

«ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ» አለች ሎሳና። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ እንዲንቀጠቀጥም ተወችው። «አሁን ከዚህ ጠርዝ ትንሽ ወደ ኋላ እንበል። ከዚያ በላይ ዛሬ ምንም እንድታደርጊ አልፈልግም።»

«ፈተናው አለፈኝ።»

«ይለፍ።»

ቶሪካ ፊቷን አዙራ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየቻት። ማዳም ሎሳና ባዶ እግሯን ነች፣ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፏል፣ ስትሮጥ ወድቃ ጉልበቷ ደምቷል። ልጅቷ ምን እንዳየች አይታወቅም፤ ግን እጇን ዘረጋች። የእጇ ቅዝቃዜ ሎሳናን እስከ ዛሬ ከነካት ነገር ሁሉ በላይ አስፈራት።

አቪኔሽና አማካሪዋ የደረሱት ሁለቱ ከአንድ ሳጥን ሥር ተጠልለው፣ በሎሳና ጃኬት ተሸፍነው ሳለ ነው። ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሞቹ ቶሪካን ተቀበሏት፤ ለጥቂት ቀን እንድትቆይ ወሰኑ። አክስቷ ሕፃኗን ታቅፋ፣ ሁለቱን ትልልቅ ልጆቿን አስከትላ መጣች። ቶሪካ በየጠዋቱ እነዚያን ልጆች ትምህርት ቤት ታደርስ እንደነበር፣ በዚህ ምክንያት ሁለት አውቶቡስ ቀይራ እንደምታረፍድ፣ በሩ ተዘግቶ ባገኘችበት ቀን ሁሉ ደረጃው ላይ ተቀምጣ እንደምትውል ሎሳና ያን ጊዜ ሰማች። አክስቷ ዝምታዋን ኩራት እንደመሰላት እየደጋገመች ትናገር ነበር።

የኮሌጁ ዳይሬክተር ከሰዓት በኋላ፣ ነፋሱ መስኮቶቹን ማንኳኳት ሲጀምር መጡ። ጠንካራ ሴት ናቸው፤ የሎሳናን አባት ከልጅነታቸው ያውቃሉ። ሎሳና ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የተናገረችውን ቃል፣ ያነበበችውን ደብዳቤ፣ የዘጋችውን በር። ፈተናው ያመለጣቸው ተማሪዎች ዳግመኛ እንዲፈተኑ፣ ለሚያስፈልጋቸው ጸጥ ያለ ክፍልና ትርፍ ሰዓት እንዲሰጥ ጠየቀች። ዳይሬክተሯ ደረጃችንን ዝቅ ልናደርግ ነው ወይ አሏት።

«ፈተናው አይቀልም» አለች። «እንዲሰሙት ብቻ ነው የምፈልገው።»

ያኔ አቪኔሽ ከታች ሻይ ይዞ መጣ። ጥጉ ላይ ቆሞ፣ እንደ ልማዱ ዓይኑን ዝቅ አድርጎ «ማዳም፣ ሻይ ይውሰዱ» አላት።

ሎሳና ብርጭቆውን ተቀበለች፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው፣ ባዶውን እጁን ያዘችው።

«ሎሲ በለኝ» አለችው።

አቪኔሽ ዳይሬክተሯን አየ፣ እሷን አየ። ምናልባት ድካም ይሆናል፣ ምናልባት ነገ ትጸጸት ይሆናል ብሎ የሚፈራ ሰው ፊት ነበር።

«ሎሲ» አለ፤ ድምፁ ተሰነጠቀ።

ዳይሬክተሯ የተያያዙትን እጆች ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ራቱ ያውቃሉ?»

«አሁን ያውቃሉ» አለች ሎሳና።

የስልክ መስመሩ ከመቆረጡ በፊት አባቷን ለማግኘት ቸኩላ በዚያው መተላለፊያ ላይ ደወለች። ስለ እንግዳው፣ ስለ ዓሣ ነባሪው ጥርስ ለአቪኔሽ የነገረችው ስልኩ እየጠራ ሳለ ነው፤ ሦስት አረፍተ ነገር ብቻ። እጁ እጇ ውስጥ ደረቀ፤ ግን አላወጣውም።

አባቷ አነሱት። በደሴቱም ነፋሱ ጀምሯል፤ ከጀርባቸው ቆርቆሮ ሲጮህ ይሰማል።

«ታታ» አለቻቸው፣ «ከፋሲካ በኋላ የሚመጡትን ሰዎች አይቀበሉብኝ። የምወደው ሰው አለ። ከላባሳ ነው፤ አባቱ ሸንኮራ ቆራጭ ነው። አንድ ዓመት ደበቅኩዎት። የደበቅኩት እሱን አፍሬበት አይደለም፤ እርስዎን ፈርቼ ነው።»

ራቱ ኢሲሬሊ አልተቆጡም። ዝም አሉ። ሎሳና ልጅ ሳለች ያ ዝምታ ሲወርድ ቤቱ ውስጥ ያሉ ሁሉ ምንጣፉ ላይ ዝቅ ይሉ ነበር።

«ሰውየው እዚያ አለ?» አሉ በመጨረሻ።

«አለ።»

«ስጪው።»

ስልኩን ሰጠችው። አቪኔሽ ቀጥ ብሎ ቆሞ አዳመጠ። «አዎ ጌታዬ» አለ። ቆይቶ «አይደለም ጌታዬ» አለ። ከዚያ ፊቱ ላይ ያለው ደም ቀስ በቀስ ሲሸሽ ታየ። መብራቱ ብልጭ ብሎ ጠፋ፣ የሆስፒታሉ ጄኔሬተር አጓርቶ ተነሳ፣ መብራቱ ሲመለስ ስልኩ ከጆሮው ወርዶ ነበር።

«ምን አሉ?»

«ነፋሱ ሲያልፍ እመጣለሁ አሉ» አለ አቪኔሽ። «ብቻዬን ነው የምመጣው፤ አንተም ብቻህን ጠብቀኝ አሉ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ምሕረት ይሁን ቁጣ ከድምፁ ለይቶ ማወቅ አልቻለም፤ ሎሳናም በሕይወቷ ሙሉ ያዳመጠችውን ሰው ቃል መተርጎም አቃታት። ከውጭ አንድ ትልቅ ዛፍ ሲሰነጠቅ ተሰማ። በስተግራ ባለው ክፍል ቶሪካ መድኃኒት ተሰጥቷት ተኝታለች፤ ነገ ስትነቃ ምን እንደምትል ማንም አያውቅም። ሎሳና በጣም ፈርታ ነበር። አቪኔሽም ፈርቷል፤ ተመልሶ እጇን ያዘ። ዕድሜዋን ሁሉ ብቻዋን ስትፈራ ኖራ፣ ፍርሃት ለሁለት ሲሆን እንዲህ እንደሚሞቅ ያወቀችው ያን ዕለት ነው።